ካፒቴኑ ያደረገውን

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፍቅርተማርያም ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠረገችው። መጀመሪያ የጠረገችው ቆሽሾ ነው፤ ሁለተኛ የጠረገችው እጇን የምታሳርፍበት ስላጣች ነው። ከቆላው የተነሣው ጉም ገደሉን ታክኮ ወጥቶ መጀመሪያ ጥዱን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ከዚያም የጎረቤቱን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ዋጠው። ከበሩ እስከ መንገዱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ከአሥረኛው በኋላ ያለው ግን አይታይም።

በዚህ ጉም ሽማግሌ ቢመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ድምፁ ነው። ስለዚህ ቆማ ታደምጥ ነበር።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጩን ቀሚሳቸውን አላወለቁም፤ ጥምጥማቸውንም አልፈቱም። እኅታቸው እትዬ አስካለማርያም ደግሞ ጠዋት አንድ እንስራ ጠላ አሸክመው መጥተው ጓዳ ገብተዋል።

«እትዬ፣ ዛሬ ምን አለ?» አለች ፍቅርተማርያም።

«ወንድሜን ልጠይቅ መምጣት አልችልም? ይልቅ አንቺን ምን ያንቆራጥጥሻል?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ መጥረጊያውን አስቀምጪው። መሬቱን ፈጀሽው እኮ!»

መሪጌታ ወደ በሩ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ማነው የሚመጣው፣ ልጄ?»

«ማንም አይመጣም፣ አባባ።»

«እሱንስ ሲመሽ እናየዋለን» አሉ፤ አራት ዓመት ምንም ያላዩት ሰው።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ዓመት ደብረ ብርሃን፣ ከጋሽ በላይ ሱቅ ነው። ጋሽ በላይ መጽሐፍም ፊልምም ያከራያሉ። ፍቅርተማርያም አንኮበር ጎረቤላ ታስተምራለች፤ በየወሩ ወደ ደብረ ብርሃን ስትወርድ ለአባቷ የምታነብላቸውን መጽሐፍ ከእሳቸው ትወስዳለች። የአባቷ ምርጫ መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር። ዕድሜያቸውን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት መሪጌታ፣ ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህ ደጋግመው የሚጠይቁት ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተጻፉ፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ የጦርነት ልብ ወለዶችን ነው። ባሕር አይተው አያውቁም። «እነዚህ ሰዎች እንደኔ ናቸው» ይሉ ነበር፤ «ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው በጆሯቸው ይኖራሉ።»

የዚያን ዕለት አንድ ወጣት ከመደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ነበር። ኪሩቤል ይባላል፤ የእነዋሪ ልጅ ነው፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ማሽን ይጠግናል። እጇ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየና፣

«እሱን ከምታነቢ ፊልሙን እይው፤ በሁለት ሰዓት ትገላገያለሽ» አላት።

«የማነበው ለመገላገል አይደለም» አለችው።

ቀና ብላ አላየችውም። ነገር ግን በመደርደሪያው መስተዋት ውስጥ ሲያያት አየችው፤ እሱም ማየቷን አየ። ሁለቱም በመስተዋቱ ውስጥ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ እሷ መጽሐፉን ስታነብ እሱ ፊልሙን ያያል፤ በደብዳቤ ያነጻጽራሉ። ስልክ አላቸው፤ ስልኩን ግን «ደረስሽ?» «ደረስኩ» ለመባባል ብቻ ተዉት። ደብዳቤው በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ገጾች መሃል ይገባል፤ ያን መጽሐፍ ጋሽ በላይ ለአንኮበር ሚኒባስ ሹፌር ይሰጡታል፤ እሷም ስትቀበለው ደብዳቤውን ለአባቷ በምታነበው መጽሐፍ ውስጥ ትደብቀዋለች። «ፊልሙ ውስጥ ምግብ አብሳይ የሚባል ሰው የለም» ብሎ ጻፈላት አንድ ጊዜ። «ታዲያ ምን በልተው ነው የሚዋጉት? መጽሐፉ ላይ አብሳዩ ሽንኩርት አለቀብኝ እያለ ስድስት ገጽ ያለቅሳል» ብላ መለሰች። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ፊልሙ ውስጥ ፓምፑ ተበላሽቶ እስኪጠገን አንድ ትንፋሽ ነው። እኔ ግን ፓምፕ ጠግኜ አውቃለሁ። ስንት ገጽ ነው አንቺ ጋ?» አላት። «ሠላሳ።» «ጸሐፊው ፓምፕ ያውቃል ማለት ነው።»

አንድ ሕግ ነበራቸው። መጨረሻውን በደብዳቤ አያወሩም። የመጨረሻው ቦታ በአካል ሲገናኙ ነው።

በታኅሣሥ ወር የተከራዩት «አርባ ቀን ጸጥታ» የሚባለውን ነበር። የአንድ ሰርጓጅ መርከብ ካፒቴን፣ ጦርነት ተነሥቶ ይሆናል ተብሎ አርባ ቀን ድምፅ እንዳያሰማ ታዟል፤ ከላይ ደግሞ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በየማለዳው ይጠራዋል። ሁለቱም ገና እኩሌታው ላይ ሳሉ ነው የኪሩቤል ደብዳቤ የመጣው። ፊልምና መጽሐፍ አልነበረበትም።

«ሀዋሳ ላለ ፋብሪካ ፈልገውኛል። በወሩ መጨረሻ መልስ እሰጣለሁ። አባትሽ ሁለት ጠያቂ መመለሳቸውን ሰምቻለሁ። አንቺ ከፈቀድሽ ግን እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልፈቀድሽ እሄዳለሁ። አንቺ በይ።»

እውነቱን ነው፤ መሪጌታ አንድ ነጋዴና አንድ የመንግሥት ሠራተኛ መልሰዋል። «ቤቴ የቤተ ክህነት ቤት ነው» ከማለት በቀር ምክንያት አልሰጡም። ማሽን ጠጋኙን ምን እንደሚሉት ፍቅርተማርያም አላወቀችም። የምታውቀው የራሷን ልብ ነው። እሱን መጻፍ ግን ሌላ ነገር ሆነባት። በመሪጌታ ቤት ያደገች ሴት፣ በጋሽ በላይና በሚኒባስ ሹፌር እጅ በሚያልፍ ወረቀት ላይ «ና፣ ውሰደኝ» ብላ እንዴት ትጻፍ? ሦስት ወረቀት ቀደደች። በአራተኛው ላይ እንዲህ አለች፦

«መጽሐፉን ጨረስኩ። ካፒቴኑ በመጨረሻ ያደረገውን አድርግ። ከዚህ ሌላ አልልህም።»

ስትጽፈው ፊቷ ጋለ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል በዕድሜዋ ለማንም አልተናገረችም።

እሑድ እንዲሁ ዋለ። ጉሙ ከነጭነት ወደ ግራጫ ዞረ። እትዬ አስካለማርያም እንስራውን እንደ ተከደነ ትተውት ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ደጃፉ ላይ ፍቅርተማርያምን ግንባሯን ሳሟትና ሄዱ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን የፈቱት ራት ሲቀርብ ነው። ፍቅርተማርያም ፋኖሱን አብርታ በሩን ዘጋች። ሰው እምቢ ሲባል የሚሰማውን ታውቅ ይሆናል፤ እሺ ብሎ ማንም ሳይመጣለት መቅረት ግን ስሙ ምን እንደሆነ አላወቀችም።

*

ሳምንቱን ሙሉ አልደወለችም። ሽማግሌ የቀረባት ሴት ደውላ «የት ቀሩ?» አትልም። ቅዳሜ መጽሐፉን በቦርሳዋ ይዛ ወደ ደብረ ብርሃን ወረደች። እመልሳለሁ፣ ሌላ አልወስድም፤ ያቺ ናት ሐሳቧ።

ጋሽ በላይ በጋቢ ተጠቅልለው ኮምፒዩተራቸው ፊት ተቀምጠው ነበር።

«ቲቸር! ሁለት ወር ሙሉ አንድ መጽሐፍ! በቃልሽ ልትይዥው ነው? ያ ልጅ እኮ ሊያነበው ስንት ጊዜ ተመላለሰ፤ ፍቅርተ ጋ ነው እያልኩ መለስኩት።»

«ይኸው መለስኩ» አለች።

ድምፏን ሰምተው ቀና አሉ። ቀልዱን ተዉት። ከመሳቢያቸው ፖስታ አወጡ። «ሰኞ ወደ ሀዋሳ ሲሄድ ነው የተወልሽ። መጽሐፍ ውስጥ ላድርገው ስለው፣ አይ፣ በእጇ ይስጧት አለኝ።»

ቆማ አነበበችው።

«ፍቅርተ፣ ካፒቴኑ ያደረገውን አድርግ ካልሽኝ በኋላ ፊልሙን እንደገና አየሁት። ምናልባት የሳትኩት ነገር ካለ ብዬ ነው። የሳትኩት የለም። እምቢ ማለት ስለከበደሽ በእሱ በኩል እንደነገርሽኝ ገባኝ። እንዲህ አሳምረው እምቢ ያሉት ሰው ያለ አይመስለኝም። አልተቀየምኩሽም። እኔም መብራቱን አጥፍቻለሁ። አባትሽ የሚያነብላቸው አይጡ። ኪሩቤል።»

ሁለተኛ አነበበችው። «መብራቱን አጥፍቻለሁ» የሚለው ላይ ቆመች።

«ጋሽ በላይ፣ የምን መብራት ነው?»

«የቱ?»

«ካፒቴኑ … ፊልሙ ላይ መጨረሻው ምንድነው?»

«አላየሽውም እንዴ?» ጋሽ በላይ ገረማቸው። «እኔም ሙሉውን አላየሁትም፤ ሰው ሲያለቅስበት ብቻ ነው ከዚህ ሆኜ የማየው። ቆይ።»

ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዞሩላት። በአማርኛ የተተረጎመ ፊልም ነው፤ አንድ ጎርናና ሰውዬ የካፒቴኑንም፣ የወታደሮቹንም፣ ፎቶግራፍ ላይ ያለችውን ሚስቱንም ቃል ይናገራል። መርከቡ እሷ ካሰበችው በላይ ሰፊ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ሰው ከሰው ጋር ሳይተሻሽ የማያልፍበት መተላለፊያ እዚህ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል። ከላይ ጥሪው ይሰማል። ካፒቴኑ ቀና ይላል። ፍቅርተማርያም ጠበቀች፤ አሁን «ወደ ላይ» ይላል። እሷ ያነበበችው ካፒቴን ወደ ላይ ነው የወጣው፤ ትእዛዙን ጥሶ፣ በምስጢር ኮድ ሳይሸፍን፣ ሁሉም በሚሰማው ግልጽ ቋንቋ «እዚህ ነኝ» ብሎ ነው የተናገረው።

«መብራቱን አጥፉ» አለ ጎርናናው ድምፅ። «ወደ ታች። እኛ የለንም።»

መብራቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ጥሪው እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደ። ሙዚቃው ተነሣ፤ ደግሞ ያምራል፤ ያ ነው ክፋቱ። ከዚያ ጥቁር ብቻ ሆነ።

በጥቁሩ ስክሪን ላይ ፍቅርተማርያም የራሷን ፊት አየች። አንድ ጊዜ በዚሁ ቤት፣ በመስተዋት ውስጥ ሌላ ፊት ከኋላዋ ነበረ። አሁን መደርደሪያው ብቻ ነው ያለው።

«ይኼ አይደለም» አለች። «ይኼ አይደለም እኮ፣ ጋሽ በላይ! ይወጣል! መጽሐፉ ላይ ይወጣል!»

«አዎ፣ እኔም መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፣ ይወጣል» አሉ ጋሽ በላይ ግራ ገብቷቸው። «ፊልም ሠሪ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሰው እያለቀሰ እንዲወጣለት ይፈልጋል። ግን ምነው ልጄ? ልብ ወለድ እኮ ነው!»

እሷ ግን እንባዋን መያዝ አቅቷት ነበር። ደብዳቤዋን ይዞ ተቀምጦ፣ «ምናልባት የሳትኩት ነገር ካለ» ብሎ ፊልሙን እንደገና ሲያይ ታያት። እሷ ናት እዚያ ጨለማ ውስጥ የጨመረችው። እንዳለችው አደረገ፤ አንዲት ቃል ሳያጎድል።

ጋሽ በላይ መጽሐፉን አንሥተው ቦርሳዋ ውስጥ መልሰው ከተቱት። 

*

በሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቁጥሩን አወጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳይጠራ ዘጋችው። አጠገቧ የአንድ ተማሪዋ እናት ተቀምጠዋል። ከጀርባ ሁለት የደብሩ ዲያቆናት አሉ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጉሙን ያያል፤ ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ በቀስታ ይሄዳል። ይህን መንገድ መቶ ጊዜ ተመላልሳበታለች። እንደዛሬ ግን ርቆ አያውቅም።

ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። መሪጌታ መደባቸው ላይ ነበሩ።

«መጽሐፉን መልሰሽ ይዘሽ መጣሽ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ቦርሳሽ ሲቀመጥ ከበደ።» ጆሯቸውን አዘነበሉና፣ «ሌላም ወረቀት አለ። እሱ ቀጭን ነው።»

ፍቅርተማርያም ባለችበት ቆመች።

«አባባ …»

«ተቀመጪ። ዓመት ሙሉ ስታነቢልኝ፣ መሃል ላይ አንድ ወረቀት ይገለበጣል። የመጽሐፉ ወረቀት ሻካራ ነው፤ ያኛው የደብተር ነው፤ ድምፁ ይለያል። እሱ ሲገለበጥ አንቺ ዝም ትያለሽ። ከዚያ ስትቀጥዪ ድምፅሽ ሌላ ሰው ይሆናል። ዐይኔ ነው እንጂ የጠፋው፣ ጆሮዬ ዜማ የኖረበት ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ?»

ነጠላዋን ሰብስባ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«የመጨረሻውን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አነበብሽልኝ» አሉ መሪጌታ። «አንዱ ለእኔ ነው። ሁለቱ ለእኔ አልነበሩም። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ እሑድን ስትቆጥሪ ሰማሁ፤ እሑድ ሲሆን ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠረግሽ። እኔ ጥምጥሜን እስከ ማታ ያልፈታሁት ለማን መሰለሽ? አስካለ ጠላውን ያመጣችው ለማን መሰለሽ?»

«ቤቴ የቤተ ክህነት ቤት ነው ይሉ ስለነበር …»

«እነዚያን ጊዜ አንቺ ዝም አላልሽማ! ስማቸው ሲነሣ ድምፅሽ ያው ነበር። ላልወደድሽው ሰው ምን ብዬ ልስጥሽ? ሰበብ መፈለግ ነበረብኝ።» እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን ፈለጉ፤ አገኙት። «የሚያነብልኝ ተማሪ አላጣም። ምን ሆነ? ለምን አልመጡም?»

ነገረቻቸው። መጽሐፉን፣ ፊልሙን፣ ያቺን አንዲት መስመር። ስትጨርስ መሪጌታ ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደውዪ» አሉ።

«አሁን? እርስዎ ፊት?»

«ያ ካፒቴን ተደብቆ ነው የተናገረው? ደውዪ።»

ስልኩ ጠራ። ከወዲያ የማሽን ጩኸት መጣ፤ ከዚያ በር የተዘጋ ይመስል ራቀ።

«ፍቅርተ?» አለ ኪሩቤል። ስሟን የጠራበት አጠራር፣ የማይነካ ነገር እንደነካ ሰው ነበር።

«መጽሐፉ ላይ ይወጣል» አለች።

«ምን?»

«ካፒቴኑ። አይጠልቅም፣ ኪሩቤል። መብራት አያጠፋም። ትእዛዙን ጥሶ ይወጣል። እኔ ያነበብኩት እሱን ነው። አድርግ ያልኩህም እሱን ነው።»

ከወዲያ ምንም አልተሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው፤ አልተቋረጠም።

«ና … ነው ያልሽኝ?» አለ በመጨረሻ።

አባቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ፊቷ እንደዚያን ቀን ጋለ። ግን ተናገረችው፤ ጮክ ብላ።

«ና ነው ያልኩህ።»

«ሦስት ሽማግሌ ለምኜ ነበር» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ካባ ተውሰው ነበር እኮ። ቅዳሜ ማታ ሄጄ ነገሩ ይቅር፣ አትሂዱ አልኳቸው። አንዱማ 'ምነው፣ ልጂቱ ሞተች እንዴ?' አሉኝ።»

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«የጠለቀ ሰው ይደውላል እንዴ? አንቺስ ለምን አልደወልሽም?»

«የምትመጣ መስሎኝ ነዋ!»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ዞረባት። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። «ስጪኝ እስቲ።» ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ መጽሐፍ ያዙት።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት፣ አባቴ» አለ ኪሩቤል። ድንጋጤው እስከ እሷ ተሰማ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጽሐፉ ላይ አንድ ሽማግሌ አድማጭ አለ። ጆሮው ላይ ያንን ነገር ሰክቶ ሌት ተቀን የሚያዳምጥ። ከላይ የሚጠራው ወዳጅ መሆኑን የለየውና ለካፒቴኑ የነገረው እሱ ነው። ፊልሙ ውስጥ አለ?»

ኪሩቤል አሰበ። «የለም፣ አባቴ። እንደ አብሳዩ አውጥተውታል።»

«በል እንግዲህ» አሉ መሪጌታ፤ «ለዚህ ነው የጠለቀው። የሚሰማለት ሰው አልነበረውማ።»



«እኔ ቤት ግን አድማጭ አለ» አሉ ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፋሲካ ይለፍ። ለዳግም ትንሣኤ ሽማግሌዎችህን ላካቸው። ካባውን ደግሞ አይመልሱት።»

ስልኩን መለሱላት።  ኪሩቤል፣ «ፈርሜያለሁ፣ ፍቅርተ። አንድ ዓመት። ለፋሲካ ፈቃድ ይሰጡኝ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ግን …» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ስንት ገጽ ነው? መውጣቱ።»

«አሥራ ስምንት።»

«ይህን ያህል? ፊልሙ ላይ መጥለቁ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።»

«ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ከላይ የሚጠብቀውን አያውቅማ።»

«አንብቢልኝ» አለ። «አንድ ገጽ። ተረኛው እስኪጠራኝ።»

መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ካለበት ቁጭ አለች። አነበበችለት። መሪጌታም ያደምጡ ነበር። ከወዲያ ትንፋሹ ይሰማት ነበር፤ ገጹን ስትገልጥ ግን አንድ ሰው ስሙን ጠራውና፣ «ልሂድ» አለ፤ ማሽኑ ጮኸ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ቤቱ እንደ ወትሮው ጸጥ አለ። ሀዋሳ የት እንደሆነች በካርታ እንጂ በእግሯ አታውቀውም። ፋሲካ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም።

«ፍቅርተ» አሉ አባቷ። «ጥምጥሜን እጠቢልኝ።»

«አባባ፣ ገና እኮ ሁለት ወር ከምናምን አለ።»

«አውቃለሁ። እጠቢው።»

ጥምጥሙን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ አጠበችው። ከዚያ ወደ ግቢ ወጥታ ከአጥሩ እስከ ጥዱ በተወጠረው ገመድ ላይ ዘረጋችው፤ ረጅም ነው፣ ጫፉ ጉሙ ውስጥ ገብቶ አይታይም። በዚህ አየር በሦስት ቀንም አይደርቅ። ቆንጥጣ አስተካከለችውና፣ ዝም ብላ አጠገቡ ቆመች፤ እያደመጠች።